«ዕጣዬ ከወጣ ብሩን በእጄ አትስጡኝ» ያለንን የእቁብ አባል ምን እናድርገው?

የእቁብ ጸሐፊ (ደሴ) | እሑድ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ናችሁ ወይ ወገኖች። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ የነጋዴዎች እቁብ ጸሐፊ ነኝ። ሠላሳ አባል አለን፤ እሑድ እሑድ ሁለት ሁለት ሺህ ብር እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት ዋስ ጠርቶ 60,000 ብር ይዞ ይሄዳል። ዳኛችን ዕድሜ የጠገቡ ሰው ናቸው፤ «አንተ ስልክ ላይ የምትጽፍበት ቦታ ጠይቅልን» ብለውኝ ነው የመጣሁት።

ዛሬ ዕጣ ከመውጣቱ በፊት አንድ ልብስ ሰፊ አባላችን ተነሣና «የእኔ ከወጣ ብሩን በእጄ አትስጡኝ» አለ። ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። ማታ ማታ ውርርድ ቤት ገብቶ ስክሪን ላይ የሚሮጡትን ፈረሶች እንደሚጫወት ግማሹ አባል ያውቃል። ኳስ አይደለም፣ ፈረሱን ነው። የጨርቅ ነጋዴ ዕዳ አለበት፤ ከስልክ የተበደረውም አለ ይባላል። እቁቡን ግን አንድም ሳምንት አላስተጓጎለም።

ስብሰባው ሦስት ቦታ ተከፈለ። ገሚሱ «ለሚስቱ እንስጥ» አለ። ገሚሱ «ከእቁቡ ይውጣ፤ ዛሬ ይጥላል፣ ዕጣው ደርሶት ከበላ በኋላ ግን ማን ያምነዋል?» አለ። ሌሎቹ ደግሞ «ሰውን በገዛ ገንዘቡ ምን ታደርግበታለህ አይባልም» አሉ። ዳኛው ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠሩን። ስሙን አትጠይቁኝ። በተለይ ከዚህ ነገር ራሱን ያራቀ ሰው ካለ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

ቦርከና | እሑድ ከምሽቱ 3፡05

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እናንተ እቁብ ናችሁ ወይስ ሞግዚት? ሰውዬው ጎልማሳ ነው። ጥሏል፣ ደርሶታል፣ ይቀበላል። ዋስ ካለው ሌላው ምን አገባችሁ? እኔም አልፎ አልፎ እጫወታለሁ፣ ሰው ቢራ እንደሚጠጣው ማለት ነው። ተጫዋች ሁሉ በሽተኛ አይደለም።

የቃሉ ልጅ | እሑድ ከምሽቱ 3፡20

ቦርከና፣ ጥያቄውን ደግመህ አንብበው። እነሱ አልከለከሉትም፤ ከልክሉኝ ያለው እሱ ነው። ቢራ የሚጠጣ ሰው ግሮሰሪ ቆሞ «ብሬን ቀሙኝ» ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?

ደግሞ ሳልል አላልፍም፦ የንጉሥ ሚካኤል አገር ሰው! አባ ሻንቆ ዓድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው የጣሊያኑን ጄኔራል የዳቦርሚዳን ጦር የደመሰሱበት አገር ልጅ፣ ዛሬ ሣር በልቶ በማያውቅ ፈረስ ይበላ?

ባለ መስኮቱ | እሑድ ከምሽቱ 4፡00

ውርርድ ቤት ካሸር ነበርኩ፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ቀልዱን ወድጄዋለሁ፣ ግን የቃሉ ልጅ ሳያስበው ዋናውን ነገር ተናግሯል፤ እነዚያ ፈረሶች ፈረስ አይደሉም። ቨርቹዋል ነው የሚባለው። አሸናፊውን የሚወስነው ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ የሚያወጣው ቁጥር ነው፤ ሩጫው ለዓይን የሚቀርብ ሥዕል ነው። ጋላቢ የለም፣ ጭቃ የለም፣ የደከመ ፈረስ የለም። ሰዉ ግን ደብተር ይዞ እየመጣ «ፈረስ 4 ከጠዋት ጀምሮ አልወጣም፣ አሁን ተራው ደርሷል» ይላል። ኮምፒውተሩ ጠዋት ማን እንደወጣ አያስታውስም። እያንዳንዱ ዙር እንደ አዲስ ነው።

ከኳሱ የሚብስበት ሌላው ነገር ፍጥነቱ ነው። ኳስ ትኬት የቆረጠ ሰው ቢያንስ ዘጠና ደቂቃ ይጠብቃል፤ በዚህ መሀል ሚስቱ ትደውላለች፣ ይርበዋል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፈረሱ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ይነሣል። የተበላ ሰው ለመናደድ እንኳ ጊዜ የለውም፤ የሚቀጥለው ዙር ወደ ኋላ መቁጠር ጀምሯል። ገንዘቡን ለማስመለስ እጥፍ ያስይዛል፤ እሱም ሲበላ ሌላ እጥፍ።

ደግሞ «ለትንሽ አመለጠኝ» የምትባለዋ ነገር አለች። ፈረሱ አንገት ለአንገት መጥቶ በአፍንጫ ይቀደማል። ሰውዬው እንደ ተበላ ሳይሆን እንደ ቀረበ ይሰማዋል። በኪሱ በኩል ግን በአፍንጫ የተቀደመውም መጨረሻ የወጣውም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ትኬቶች መሬት ላይ ነው የሚወድቁት። ማታ መስኮቱን ስዘጋ የምጠርገው እሱን ነበር።

ሐይቅ ዳር | ሰኞ ከጠዋቱ 1፡15

የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ለተማሪዎቼ የማሳያቸውን ልጻፍላችሁ።

ስድስት ፈረስ አለ እንበል። ኦዳቸው፣ ማለትም ፈረሱ ካሸነፈ ላስያዝከው አንድ ብር የሚከፈልህ፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 8 እና 10 ነው። ማንም ያሸንፍ ማን 100 ብር እንዲመለስልህ ሁሉንም ልትገዛ ብትነሣ በመጀመሪያው ላይ 33.33፣ በሁለተኛው 25፣ በሦስተኛው 20፣ በአራተኛው 16.67፣ በአምስተኛው 12.50፣ በስድስተኛው 10 ብር ታስይዛለህ። ደምረው፤ 117.50 ይመጣል። 117.50 ከፍለህ 100 ትቀበላለህ። ልዩነቱ የቤቱ ነው፤ ማንም ፈረስ ያሸንፍ።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ኦድ ካስያዝከው መቶ ብር በአማካይ ወደ 85 ብር ነው የሚመለሰው። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ችግሩ የተመለሰውን መልሶ ማስያዙ ነው። ያንን ብር አሥር ዙር ካዞርከው በአማካይ የሚተርፍህ ሃያ ብር ገደማ ነው። ባለ መስኮቱ ስለ ፍጥነት ያለው እዚህ ጋ ይገባል፤ የሚበላህ የአንዱ ዙር ቅናሽ አይደለም፣ የዙሩ ብዛት ነው።

ቦርከና | ሰኞ ከጠዋቱ 3፡30

መምህር ሒሳቡ ገብቶኛል። ግን ባለፈው ወር በአንድ ምሽት 9,000 አውጥቻለሁ፣ እሱስ?

ሐይቅ ዳር | ሰኞ ከጠዋቱ 3፡42

እንኳን ደስ ያለህ። አማካይ ማለት ማንም አያሸንፍም ማለት አይደለም፤ የሚያሸንፍ ባይኖር ማን ይገባ ነበር? አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ 9,000ውን ወዲያው ነገርከን፣ ያስያዝከውን በሙሉ የጻፍክበት ወረቀት አለህ? ለአንድ ወር ጻፈውና ና። እኔ ምንም አልጨምርም።

ወረኢሉ በለንደን | ሰኞ ከምሽቱ 1፡10

እኔ የተጫወትኩት እውነተኛውን ፈረስ ነው። ወረኢሉ ነው ያደግኩት፤ በጥምቀት ጉግስ ሲጫወቱ አይቻለሁ፣ አባቴ በቅሎም ፈረስም ነበረው። እንግሊዝ ስመጣ «እነዚህ ሰዎች ፈረስ እየተመለከቱ ገንዘብ ይሰጣሉ? እኔ ከእነሱ በላይ ፈረስ አውቃለሁ» አልኩ። እግሩን፣ ሸንተረሩን፣ ጆሮውን አያለሁ። ብዙ ሰው የሚወድቅባት ይህች ናት፣ አውቃለሁ የምትለዋ።

አንደኛ፣ እኔ የማየውን ሁሉ አይቶ የጨረሰ ሕዝብ አለ። ኦዱ የሚወጣው የሁሉም ዕውቀት ከተጨመቀ በኋላ ነው። ጥሩ ፈረስ መሆኑ ለማንም ምስጢር ስላልሆነ የሚከፈልበት ትንሽ ነው። ብዙ ገንዘብ የተያዘበት ፈረስ እንኳ ከሦስት ውድድር አንዱን ያህል ነው የሚያሸንፈው፤ ሁልጊዜ እሱን ብቻ ብትከተል ቀስ ብለህ ትከስራለህ። ሁለተኛ፣ ሃንዲካፕ የሚሉት ውድድር አለ፦ ጎበዙን ፈረስ ክብደት ይጭኑበታል፣ ደካማውን ያቀሉለታል። ዓላማው ሁሉም አንድ ላይ እንዲደርሱ ነው። ማለት፣ አንተ የትኛው እንደሚበልጥ እንዳታውቅ ሆን ተብሎ የተሠራ ውድድር ላይ ነው «አውቃለሁ» የምትለው።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ። እዚህ አገር ጋምስቶፕ የሚባል ነፃ መዝገብ አለ። ስምህን ታስገባለህ፤ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት ወይም አምስት ዓመት ትመርጣለህ። ብሪታኒያ ውስጥ ፈቃድ ያላቸው የኢንተርኔት አቋማሪዎች በሙሉ በሩን ይዘጉብሃል። ዋናው ነገር ይህ ነው፤ በመሀል ሐሳቤን ቀየርኩ ብትል አይከፈትልህም። ጊዜው ሲያልቅም በራሱ አይከፈትም፣ ጠይቀህ ነው፣ ከጠየቅክ በኋላም 24 ሰዓት ያስጠብቁሃል። ባንክህም ካርድህን ለውርርድ እንዳይሠራ ሊዘጋልህ ይችላል። በክሬዲት ካርድ መወራረድ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ ለሁሉም ተከልክሏል።

ጋሼ፣ ልብስ ሰፊው የጠየቃችሁ ይህንኑ ነው። መዝገብ ስላጣ እናንተን መዝገብ አደረጋችሁ። እና አትፈሩት፤ ብልህ ሰው ነው።

ደረሳው | ሰኞ ከምሽቱ 2፡00

አሰላሙ ዓለይኩም። ወረኢሉ ስለ ጉግስ ስላነሣ ነው። ፈረስ ማሽቀዳደም በሸሪዓ ነውር የለበትም፤ በሐዲስ ሽልማት ከተፈቀደባቸው ነገሮች መሀል ግመል፣ ቀስትና ፈረስ ይገኛሉ፤ ሰው ለዘመቻ እንዲሠለጥንባቸው ነው። ዳር ቆሞ በሌላው ፈረስ ላይ ገንዘብ ማስያዝ ግን ሌላ ነው፣ እሱ መይሲር፣ ቁማር ነው። ሱረቱል ማኢዳ 90ኛው አንቀጽ አልኮልንና ቁማርን አብሮ ጠርቶ «ራቁት» አለ፤ «አሳንሱት» አላለም። ሰውዬው «ትንሽ ትንሽ ልጫወት» ሳይል «ከእጄ አርቁልኝ» ማለቱ ደስ ብሎኛል፣ አላህ ያጽናው።

ዕዳውን በተመለከተ፣ ባለ ዕዳ ዘካ ከሚገባቸው ስምንቱ ወገኖች አንዱ ነው። ተውበት ያደረገ ከሆነ መስጊድ ያሉትን ሽማግሌዎች ማነጋገር ይቻላል። ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን አልነገሩንም እንጂ።

የእቁብ ጸሐፊ (ደሴ) | ሰኞ ከምሽቱ 2፡25

ወዓለይኩም ሰላም ልጄ። እሱ ክርስቲያን ነው፣ ሚስቱ ከሙስሊም ቤት ናት፣ እንደ ወሎ ልማድ። የነፍስ አባቱም ያውቃሉ መሰለኝ። ለሚስቱ እንስጥ የሚለው ሐሳብ አሁን እያየለ ነው፤ ዳኛውም ወደዚያ ያዘነበሉ ይመስለኛል።

እታለም | ሰኞ ከምሽቱ 4፡50

ለሚስቱ አትስጡ!

ሁላችሁም ወንዶች ናችሁ መሰለኝ፣ ማንም አላነሣውም። «ለሚስቱ እንስጥ» ስትሉ ጥሩ ነገር ያደረጋችሁ ይመስላችኋል። ብሩ እሷ ዘንድ መሆኑን ካወቀ፣ የሚለምናት ሌሊት ነው። እናንተ ተኝታችኋል። መጀመሪያ «አንድ ሺህ ብቻ፣ ለክር መግዣ» ይላታል። ቀጥሎ ይቆጣል። ቀጥሎ «አታምኚኝም ማለት ነው» ይላል፣ ያለቅሳል። በሩን ትቆልፋለች፣ ቁልፉን ጡቷ ሥር ትይዛለች። ልጆቹ ይሰማሉ። ከሰጠችው ጥፋቱ የእሷ ነው፣ ካልሰጠችው ጠቡ የእሷ ነው። ሚስትነቷ ቀርቶ ዘበኛ ትሆናለች። እህቴ ቤት ይህ ሆኗል፤ ስለዚህ ነው የምጽፈው።

እናንተ ሠላሳ ሰው ናችሁ። ሌሊት ሄዶ ሠላሳ ሰው አይጨቀጭቅም። አፍሮ ይቀራል።

ሌላው፣ ዕዳውን እንድትከፍልለት እሷን አታስጨንቁ። ቤተሰብ ዕዳ በከፈለ ቁጥር እሱ እንደ አዲስ ነፃ ሆኖ ሲጀምር አይቻለሁ። ከተከፈለም ከእሱ ከራሱ ዕጣ ይከፈል፣ በቀጥታ ለባለ ዕዳው፣ እሱ እያየ።

የቃሉ ልጅ | ማክሰኞ ከጠዋቱ 12፡50

እቴ እታለም፣ አፌን አስያዝሽኝ።

ባቲ ሰኞ | ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡30

እኛ ባቲ እቁብ ላይ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞን «ብር አንሰጥም፣ ዕቃ እንገዛለታለን» ብለን የስፌት መኪና ገዛን። በሁለተኛው ገበያ መኪናው ሌላ ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ አየነው። በግማሽ ዋጋ ሸጦታል። ስለዚህ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ መኪና) እንግዛለት የሚል ካለ ይህን አስቡበት። ዕቃም ብር ነው፣ ትንሽ ዘግይቶ እንጂ።

ሲስተር ከደሴ | ማክሰኞ ከቀኑ 7፡15

ሲሠራ የቆየ ሰው እንዲህ ሲሆን «ልቡ ጠፋ» ይባላል፤ በሕክምናው ግን ስም ያለው ችግር ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ቁማርን ከሱሶች ጋር መድቦታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በመዝገቡ ይዞታል። ዘጠኝ ምልክቶች አሉ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አራቱ ከታዩ ይበቃል። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ እዚህ ውይይት ላይ ግን ብዙዎቹ ተነሥተዋል፦ የተበላውን ለማስመለስ መሮጥ፣ መጠኑን እያሳደጉ መሄድ፣ መዋሸት፣ ለመተው ሞክሮ አለመቻል፣ ሲከፋው ሄዶ መጫወት፣ ለዕዳው ሰው ላይ መንጠልጠል። ቦርከና ልክ ነህ፣ ተጫዋች ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ቁጥሩን ለራስህ ቁጠር ነው የምልህ።

የሚረዳው ሕክምና በዋናነት ንግግር ነው፤ ሐሳቡንና ልማዱን ደረጃ በደረጃ ፈትቶ ማየት። ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (ድሮ ሪፈራል የሚባለው) የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። «አብዷል» ይሉኛል ብሎ የሚፈራ ካለ፣ ካርድ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ምን እንደታመመ ግንባሩ ላይ አይጻፍም። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው፦ ለመንቀጥቀጥ በሽታ ለፓርኪንሰን የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ሰውን ድንገት ቁማርተኛ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሽማግሌ አባታችሁ መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ ሎተሪ መደርደር ካበዙ ለሐኪማቸው ንገሩ፤ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቁሙ።

አንድ የምለምናችሁ ነገር። ዕዳ የበዛበት ተጫዋች «ብሞት ይሻላል» ካለ ለወሬ አትውሰዱት። በቀጥታ ጠይቁት፤ ስለጠየቃችሁት አይብስበትም። ብቻውን አትተዉት፣ ይዛችሁት ኑ።

ጦሳ ግርጌ | ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡40

ጋሼ የጠየቁት ዓይነት ሰው እኔ ነኝ። ከተውኩ ቆይቷል። ብዙ ላለመጻፍ እሞክራለሁ።

መተው የሚባለው ነገር ውሳኔ ይመስላችኋል። ውሳኔውን እኔ በየቀኑ ጠዋት እወስን ነበር። ጠዋት ማንም ይወስናል። ፈተናው አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው የሚመጣው። የእኔ ሰዓት ከበርጫ በኋላ ነበር፤ ምርቃና ላይ ሰው ሁሉን ያውቃል፣ የትኛው ፈረስ እንደሚወጣ ጭምር። ስለዚህ መጀመሪያ ያራቅኩት ፈረሱን ሳይሆን በርጫውን ነው። ካሁን በፊት «ጫቱን አልነካም፣ ፈረሱን ብቻ» ብዬ አልሆነልኝም።

ሁለተኛ መንገዴን ቀየርኩ። ከሥራ ወደ ቤት የምሄድበት መንገድ በውርርድ ቤቱ ደጃፍ ያልፍ ነበር፤ በላይኛው በኩል፣ በሸዋ በር ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። ሰው ሞኝነት ይለዋል። ድምፁን መስማት ብቻ በቂ ነው እኮ፣ ያ የሩጫ አስተዋዋቂ ሲጮህ እግርህ ራሱ ይታጠፋል።

ሦስተኛ ስልኬ። የቴሌብር ሒሳቤን አንዲት የማትንቀሳቀስ የወንድሜ ሲም ላይ አደረግን፤ ሠርቼ ከማገኘው የዕለት ወጪ ብቻ እጄ ላይ ይቀራል። ኪሴ ውስጥ መቶ ብር ካለ ምሳ ነው፤ አምስት መቶ ካለ ትኬት ነው።

እና ማታው። ይህን ማንም አይነግራችሁም፤ ያ ሰዓት ባዶ ሆኖ ይቀራል። ውርርድ ቤት ጓደኞቼ ነበሩ፣ ሳቅ ነበረ፣ ሰላምታ ነበረ። ከዚያ ወጥቼ ቤት ስገባ ግድግዳ ነው። እኔ ከአንድ አናጢ ጋር ማታ ማታ በር መላግ ጀመርኩ፤ ለገንዘቡ ብዬ አልነበረም። ለልብስ ሰፊው ማታ የሚሰፋ ነገር ስጡት፤ የበዓል ልብስ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የሆነ ነገር። ብቻውን ግን አይስፋ፣ ሰው አብሮት ይቀመጥ።

ስለ እቁቡ፦ ብሩን ያዙለት። ግን ያዙለት ብቻ አትበሉ። አንድ ቀን መጥቶ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ የራሴ ገንዘብ ነው፣ አምጡ» ይላችኋል። የሚመጣው እርግጠኛ ሆኖ፣ በጥሩ ምክንያት ነው፤ ልጅ ታሟል፣ ርካሽ ጨርቅ ተገኝቷል። ያን ቀን ምን እንደምትሉት ዛሬ፣ እሱ ጤነኛ ሆኖ በተቀመጠበት፣ አብራችሁ ወስኑ። ያን ቀን ከወሰናችሁ አብቅቷል፤ ወይ ትሰጡታላችሁ ወይ ትጣላላችሁ።

ቦርከና | ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡05

እሺ ይህኛው ገብቶኛል። ግን እምቢ ቢሉትና ክስ ቢመሠርትስ? ገንዘቡ የሱ ነው ያልኩት እዚህ ጋ ነው።

ወረኢሉ በለንደን | ማክሰኞ ከምሽቱ 5፡30

እምቢ አይበሉት፣ ያዘግዩት። የጋምስቶፕን ነገር የነገርኳችሁ ለዚህ ነው። «አይሰጥህም» ሲሉህ ትዋጋለህ፤ «እሑድ ይሰጥሃል» ሲሉህ ግን ያ ግፊት እስከ እሑድ አይቆይም። እኔን ያዳነኝ ክልከላ አልነበረም፣ ወረፋ ነው።

ባለ መስኮቱ | ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡10

እውነት ነው። ብሩን ሊያመጣ ወደ ቤቱ የሚሮጥ ሰው ስንቱን አይቻለሁ። ቤቱ ቅርብ የሆነው ይመለሳል፣ ሩቅ የሆነው አይመለስም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጋሼ፣ ካሸሩን ለምኑ «ለዚህ ሰው ትኬት አትቁረጥ» በሉ የሚል ምክር ከሰማችሁ አትድከሙ። ካሸሩ ደግ ቢሆን እንኳ ፈረቃ ይቀየራል፣ መንገዱ ማዶ ሌላ ቤት አለ።

የእቁብ ጸሐፊ (ደሴ) | እሑድ ከምሽቱ 1፡55

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ዛሬ ተሰበሰብን። የእታለምን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ለሚስቱ ይሰጥ ይሉ የነበሩት ዝም አሉ። ከእቁቡ ይውጣ ያለው ሰው አሁንም አልተስማማም፣ «እኔ ዋስ አልሆነውም» ብሏል፣ መብቱ ነው። እኔና ዳኛው ዋስ ሆንን። የዛሬው ዕጣ ለቡና ነጋዴዋ ነው የወጣው፣ የሱ ገና ነው። ወረቀቱን ግን ጽፈን አስፈርመናል፤ ሌላ እቁብ ቢጠቅመው እነሆ፦

«እኔ ስሜ ከታች የተጻፈው አባል፣ ዕጣዬ ሲወጣ ገንዘቡ በእጄ እንዳይሰጠኝ በራሴ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ከገንዘቡ ውስጥ አስቀድሞ የጨርቅ ዕዳዬ ለባለ ዕዳው በቀጥታ ይከፈላል፣ ደረሰኙ ለእኔ ይሰጠኛል። የቀረው በዳኛውና በጸሐፊው ስም በጋራ ፊርማ ባንክ ይቀመጣል። ለቤት ኪራይና ለልጆች ትምህርት በየወሩ መጀመሪያ ለባለ ቤቱና ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ ይከፈላል። ሐሳቤን ቀይሬ ገንዘቡን ብጠይቅ፣ ጥያቄዬን እሑድ በስብሰባ ፊት በቃሌ አቀርባለሁ፤ ገንዘቡም ከዚያ በኋላ ባለው ሁለተኛ እሑድ ይሰጠኛል፣ በመሀል ማንንም አባል ቤቱ ወይም ሱቁ ሄጄ አልጠይቅም። ባለቤቴ ስለዚህ ገንዘብ ተጠያቂ አይደለችም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እሱ ራሱ ነው ያስጨመረው።

ጦሳ ግርጌ | እሑድ ከምሽቱ 2፡30

ሁለተኛ እሑድ ማለታችሁ ጥሩ ነው። የማታ ሥራውስ?

የእቁብ ጸሐፊ (ደሴ) | እሑድ ከምሽቱ 2፡38

አንዷ አባላችን የሆቴል አንሶላና መጋረጃ ታሰፋለች፤ ማታ እሷ ሱቅ መጥቶ ሊሰፋ ተስማምተዋል፣ ልጆቿም እዚያው ያጠናሉ።

ሲስተር ከደሴ | እሑድ ከምሽቱ 3፡15

ሰነዱ ላይ አንድ ክፍተት አየሁ። ልጁ ወይም እሱ ራሱ እውነት ቢታመምስ? ሁለት እሑድ የማይጠብቅ ነገር አለ።

የእቁብ ጸሐፊ (ደሴ) | እሑድ ከምሽቱ 3፡40

እውነትሽን ነው ልጄ። ለዳኛው አሁን ደውዬ ነበር፤ «ለሕክምና የሆነ እንደሆነ ያው ቀን ይከፈላል፣ ግን ከእኛ አንዳችን አብረን ሄደን፣ ለሆስፒታሉና ለመድኃኒት ቤቱ፣ በደረሰኝ» ብለዋል። ነገ እንጨምርበታለን።